ለጋሽ አሻግሬ ቮልስ የመረጥኩት ካርቡራተር

አጃኢብ! ይኸው ሳምንት አለፈኝ፣ ድንጋጤው ግን ከላዬ አልወረደም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ስፈታና ስገጥም እንዲህ ያለ ነገር አይቼም ሰምቼም አላውቅ።

ጋሽ አሻግሬ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ቮልስ አለቻቸው፤ እንደ ልጅ ነው የሚሳሱላት። መስከረም እንደጠባ እያስገፉ ግቢዬ አስገቧት። ባለቤታቸው እትዬ የሺሀረግ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እንደ ድሮው ከአውቶቡስ ወርደው ያን ሁሉ መንገድ በእግር አይችሉትም። ጋሽ አሻግሬ ለመስከረም ሃያ አንድ ሚስታቸውን በዚችው ቮልስ፣ መኪና እስከሚገባበት ድረስ ሊያደርሷቸው ለግሸን ማርያም ተስለዋል።

"ሙንተሲር ልጄ፣ ሞተሯስ ደህና ነው፤ የደከመው ካርቡራተሯ ነው። የሚስማማትን ምረጥላት" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ሰው ሲሰማኝ አፌ አይያዝም። "ወላሂ! ይቺ ቮልስ ለግሸን አምባሰልን ካልወጣች ሙንተሲር ሁለተኛ ካቻቪቴ አይጨብጥም!" አልኩ። እናቴ ኑርሀያት በረንዳው ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየችኝና "ምነው ልጄ፣ በአላህ ስም ለመኪና?" አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ካርቡራተር አየርና ቤንዚን መጥኖ ሞተሩን ያጎርሰዋል። ጉሮሮው ከጠበበ ሞተሩ ይራባል፤ ከሰፋ ደግሞ በቤንዚን ይታነቃል፤ ዳገት ላይ አየሩ ሲሳሳማ ይብስበታል። ይህን እያወቅሁ የድሮዋን ትንሿን ነቅዬ "ይቺስ ሞታለች" ብዬ መደርደሪያው ላይ ወረወርኳት። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ባለ ሰፊ ጉሮሮ ገጠምኩ። ሜዳው ላይ በረረች፤ ዳገቱ ሲጀምር ጥቁር ጭስ ተፍታ ቆመች። ለትልቅ ሞተር የተሠራ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ከደሴ ልኳ የሆነ ሌላ ፈልጌ አመጣሁ። በእሱም ዳገቱ ሥር ስትደርስ አስላትና ቀጥ አለች። በንዴት የካርቡራተሩን ሆድ ከፈትኩት። ከቤንዚኑ ሥር ውኃ ተኝቷል።

"ማነው ውኃ የጨመረባት?" ብዬ ጮህኩ።

እትዬ የሺሀረግ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። "እኔ ነኝ ልጄ። ስለታችን እንዲሰምር ብዬ ቤንዚኗ ውስጥ ጠበል ጨመር አድርጌባት ነበር። ጠበል ሞተር ያማል እንዴ?"

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን "እትዬ፣ ጠበሉን ጉልበትዎን ይቀቡት! ከእንግዲህ ጠብታ ውኃ እዚች መኪና እንዳይጠጋ!" አልኳቸው። የቤንዚን ጋኑን አራግፌ አደረቅሁት። ያኔ ነው ያሰብኩት፤ ለካ የድሮዋን ትንሿንም ሳልመረምር ነው የቀበርኳት። አውርጄ ፈታኋት፤ ቀዳዳዎቿን አንድ በአንድ ጠረግሁና መለስኳት። እንደ ገዛ ጥርስ ልክ ብላ ገባች። የመረጥኩት እሷን ነው።

መስከረም ሃያ ጠዋት ጋሽ አሻግሬና እትዬ የሺሀረግ ስንቃቸውን ይዘው መጡ። ሞተሩን አስነሳሁ። ከግቢው በር ሳትወጣ አስላት፣ ቆመች። ከፈትኳት። አሁንም ውኃ!

"ሱብሃነላህ!" አልኩ። ወደ እትዬ የሺሀረግ ዞርኩ። "አሁንም ጨምረዋል!"

"በግሸኗ ማርያም! ጠብታ አልነካሁም።"

"ይዋሻሉ!"

እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ጋሽ አሻግሬ ስንቁን አንስተው ሊሄዱ ተነሱ። ይሄኔ ከበረንዳው የእናቴ ድምፅ መጣ።

"ተዋት ሙንተሲር። እኔ ነኝ።"

"ምን አልሽ እማ?"

"ከሱብሂ ሰላት በኋላ ጋኗ ውስጥ ዘምዘም አፈሰስኩባት።"

"ውኃ እንዳይጠጋት ስል አልሰማሽም?"

"ዘምዘም ውኃ ነው እንዴ!" አለች ተቆጥታ።

ያንን ዘምዘም አውቀዋለሁ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አጎቴ ከሐጅ ሲመለስ ከመካው የተባረከ ምንጭ ያመጣላት ነው። ከመገነዣ ጨርቋ፣ ከከፈኗ ጋር ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ነው የምታኖረው። በየረመዳኑ ትጠራኝና "ነፍሴ ስትወጣ ምላሴ ላይ የምታንጠባጥብልኝ አንተ ነህ" እያለች ቃል ታስገባኛለች።

"ያን... ለሰከራቴ፣ ለጣር ሰዓቴ ያልሽውን?"

"አዎ።"

"ሁሉንም?"

"ሞቴ ገና ነው ልጄ። መሐላህ ግን ዛሬ ነው።"

ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ውሸታም ያልኳቸው እትዬ የሺሀረግ ሄደው እናቴን አቀፏት። እኔ የሁለቱንም ፊት ማየት አቃተኝ፤ አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ። ተነስቼ የእትዬ የሺሀረግን ጉልበት ሳምኩና ጋኑን እንደገና ላራግፍ ሄድኩ።

ከቀትር በኋላ ቮልሷ በዚያችው በትንሿ ካርቡራተር የአምባሰልን ዳገት ያለ አንዲት ሳል ወጣች። ከተማው ሙንተሲርን አወደሰ። እኔ ግን ምንም አልጣመኝም።

ከጋኑ ያራገፍኩትን በብርጭቆ ዕቃ አስቀምጬዋለሁ፤ ቤንዚኑ ከላይ፣ ዘምዘሙ ከታች። ካርቡራተሯን የወረወርኩበት መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ትናንት እናቴ አየችውና "ምን ያደርግልሃል፣ አትደፋውም?" አለችኝ። አይጠጣ ነገር ቤንዚን ነክቶታል፤ ልድፋው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ጋራዡን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፣ ባየሁት ቁጥርም እንደ አዲስ እደነግጣለሁ።