የትንሳኤ ዘጠኝ

«ተገላገለ በሉ» አሉ ወይዘሮ ፈጠነች፣ ከበዴሳ መጥተው ገና ፍራሹ ላይ ቁጭ ከማለታቸው። «እንደዚያ ከመኖር ይሻለዋል።»

ሳህሊቱ የንፍሮውን ሳህን እፊታቸው ዘጭ አደረገችው።

«እንዴት ከመኖር፣ አክስቴ?»

የለቅሶው ድንኳን በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። እናቷ ካቀረቀረችበት ቀና ብላ በዓይኗ ቆነጠጠቻት። በወንድሟ ሠልስት ከአክስቷ ጋር አፍ የምትካፈት ልጅ በሶዶ ታይታ አትታወቅም።

ወንድሟ ትንሳኤ ከተወለደ ጀምሮ ቆዳው ሲነኩት ውሃ እየቋጠረ ይላጥ ነበር። በዘር የሚመጣ፣ ስሙን ሐኪሞቹ ራሳቸው እየተንተባተቡ የሚጠሩት በሽታ ነው። ማቀፍ የለም፣ መጨበጥ የለም። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ መዳፉን ይዘረጋል፤ እንግዳው ጎንበስ ብሎ እፍ ይልበታል። ሰላምታው ያ ነበር። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ አንጁሎ እንኳ እፍ ሳይል አያልፍም።

«አንተማ ሥራህ ነው» ይለው ነበር ትንሳኤ።

ያው አንጁሎ ነው ሞቱንም የነፋው።

ወይዘሮ ፈጠነች ግን ይተላለፋል ብለው ስለሚፈሩ ከደጃፉ አልፈው አያውቁም። «ሳሮ?» ይሉታል ከውጭ፤ ደህና ነህ ማለታቸው ነው። «ሳሮ» ይላል እሱም ከውስጥ። ወላይታ ሲጠየቅም ሲመልስም ያችው ቃል ናት።

ከሰዓት በኋላ ታምራት ድንኳኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ገባ። ዓምና እንዲህ ያለ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ኑሯቸው ምን እንደሚመስል ሊያጠና ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ሰው ነው። ያኔ ሳህሊቱ ነበረች አስተርጓሚዋ፤ ትንሳኤ ትምህርት ቤት ስላልገባ አማርኛው ከሬዲዮ የለቃቀማት ብቻ ናት።

«ሕይወትህ እንዴት ነው? ከዜሮ እስከ አስር ስንት ትሰጠዋለህ?»

«ሳሮ» አለ ትንሳኤ።

«ሰላምታ መስሎት ነው» አለች ሳህሊቱ። «ሦስት በለው።»

«የጠየቅኩት እሱን ነው፤ እስቲ ውጪልን» አላት ታምራት። ወጣች። ሲጨርሱ ብትለማመጠውም ትንሳኤ ስንት እንዳለ ሊነግራት አልፈለገም፤ ሳቀባት እንጂ። ይኸው ሳይነግራት ሄደ።

አሁን ታምራት አጠገብ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ትንሳኤ ስንት አለህ?»

«ሚስጥር ነው፣ ሳህሊ። ቃል ገብቼለታለሁ።»

«ማን ሊከስህ? እሱ?»

ታምራት የያዘውን ንፍሮ ሳህኑ ላይ መለሰ።

«ዘጠኝ አለኝ።»

ወይዘሮ ፈጠነች ዞር አሉ።

«ያልገባው መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኩት። ዘጠኝ።»

ሦስት በለው ያለችው ትዝ አላት። እሷም ከአክስቷ አልተሻለችም።

«አንዷንስ ለምን አስቀረ?»

«‹አስር ካልኩህ ጨርሰሃል፣ ተመልሰህ አትመጣም› አለኝ።»

ሳህሊቱ ሳቅ አፈናት። የእሱ ነገር።

«ታዲያ ተመለስክ?»

ታምራት አቀረቀረ። «ዛሬ መጣሁ» አለ።

ሳቋ እዚያው ላይ ተሰበረ። ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ሦስት ቀን ሙሉ በምላሷ ስታባርረው የነበረው ልቅሶ ነው። አንድ እጅ ትከሻዋን ሲነካት ልታቅፋት የመጣች ጎረቤት መስላት ሸሸች።

ወይዘሮ ፈጠነች ነበሩ። አላቀፏትም። እጇን ሳብ አድርገው መዳፏን ገለጡ፤ ጎንበስ አሉና እፍ አሉበት።

ሳህሊቱ ጣቶቿን ጭብጥ አደረገች።