የደስታው ፊልትሮ

ባሌ ደስታው የማያውቀው ነገር የለም። በሬ ሲታመም ሐኪም ነው፤ ሰው ሲካሰስ ጠበቃ ነው፤ ክረምቱ ሲዘገይ ደግሞ ሰማዩን ገርምሞ ዝናቡ የሚገባበትን ቀን ይቆርጣል። ዝናቡ በቀኑ ሳይመጣ ሲቀር ጥፋቱ የዝናቡ ነው። ከእንዲህ ያለ ሊቅ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ።

አምና የሩዝ ምርታችንን ሸጦ አሮጌ ፒክአፕ ገዛ። ድሮ ነጭ ነበረች አሉ። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን እስከ ወረታ ገበያ ያለውን፣ በእግር ሩብ ሰዓት የማይፈጀውን መንገድ፣ በመኪና ካልሆነ አልሄድም አለ። ሲሄድ እየነዳ፣ ሲመለስ ሰው እየገፋው። የሚገፉትን ሰዎች እንኳን በመስኮት ብቅ ብሎ አገፋፍ ያስተምራቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ባሳቀኝ ነበር፤ የአባቴ ነገር ባይኖርበት። አባቴ ቄስ ገብረ ኪዳን በፎገራ ሜዳ ላይ ባለች አንዲት ደብር አርባ ዓመት ቀድሰዋል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ጋርዷቸው ከቅዳሴ ወጥተዋል። ዜማውንም ጸሎቱንም በቃላቸው ያውቁታል፤ መሠዊያው ላይ ግን በዳበሳ አይሠራም። ከጥምቀት በኋላ የዓይን ሐኪሞች ለሦስት ቀን ደብረ ታቦር እንደሚመጡ ተነገረና አስመዘገብኋቸው። ተራ የደረሳቸው ሐሙስ ነው፤ የመጨረሻው ቀን። ጠዋት በሁለት ሰዓት ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ ለሚቀጥለው ዓመት። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬያቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ «ለትንሣኤ እቀድሳለሁ።»

«ረቡዕ በሚኒባስ እንሂድና እዚያው እንደር» አልሁት ደስታውን።

«ባለ መኪና አማች እያላቸው ቄስ ገብረ ኪዳን በሚኒባስ ተጋፍተው? ሰው ምን ይለኛል?»

ሰው ምን እንደሚለው ብነግረው ደስ ባለኝ።

መኪናዪቱ ግን ያን ሰሞን እንደ ጉንፋናም ታስል ጀመር። የወረታው መካኒክ አዛናው ቆም ብሎ ሞተሩን ሰማና «የናፍጣው ማጣሪያ፣ ፊልትሮው፣ በቆሻሻ ሞልቷል። አምጣትና ልቀይርልህ፤ ግማሽ ሰዓት አትፈጅም» አለው። ደስታው ሳቀበት። ይችን ለመፍታት ነው መካኒክ የሚያስፈልገኝ ብሎ አዲስ ፊልትሮ ገዛ፤ በስልኩ ቪዲዮ አየ፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ኮፈኑን ከፈተ።

ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ የሚፈልገውም ይኸንኑ ነበር። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ፊልትሮ ለመኪና እንደ ኩላሊት መሆኑን ለሰዉ አስረዳ። ከዚያ መፍቻውን ያዘና አሮጌውን ሊፈታ ሩብ ሰዓት ያህል አጠበቀው። ወደ ግራ አዙረው ቢሉት የቪዲዮው ሰውዬ በወዲያኛው በኩል ቆሞ ስለነበር ነው አለ። መፍታቱ ሲመጣ እጁን አንሸራተተውና ነጠላዬን ከገመድ አውርዶ ጠመጠመበት። ነጠላዬ በናፍጣ ራሰ፤ ሸሚዙም ራሰ፤ አፉ ግን አልደረቀም። ጎረቤታችን ብርክቲ እያየችኝ ከንፈሯን ስትነክስ፣ እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። በመጨረሻ አዲሱ ፊልትሮ ገባ።

«አሁን ንጹሕ ናፍጣ ትጠጣለች» አለ። ናፍጣ የሚገዛው ከመንገድ ዳር በጄሪካን ነው፤ ቤት አምጥቶ ሦስት ጊዜ በጨርቅ ያጠልለዋል። «ከኔ ናፍጣ አንዲት ጉድፍ የሚያገኝ ሰው ይምጣ!» እያለ በየሰርጉ ይፎክርበታል። የውኃ ጠርሙስ ከወገቡ ቆርጦ፣ አፉን ወደ ታች አድርጎ ታንኩ ውስጥ ሰካውና ጄሪካኑን ለእኔ ሰጠኝ። ቀድቼ ስጨርስ ጠርሙሱ እንደተሰካ ነበር።

በእኛ አገር ደግሞ ደንብ አለ። አዲስ ነገር ሲገባ፣ በሬም ይሁን ወፍጮ፣ ጸበል ሳይረጭበት ሥራ አይጀምርም። ደስታውም ከሰዉ ፊት ይህ እንዲቀርበት አልፈለገም። «አባ፣ ይባርኩልኝ እስቲ!» ብሎ ተጣራ።

አባቴ ጸበሉን በማንቆርቆሪያ ይዘው ወጡ። በግራ እጃቸው መኪናዪቱን እየዳበሱ፣ በቀኛቸው እያንቆረቆሩ፣ ጸሎታቸውን እየደገሙ ዞሩ። ኮፈኑን ባረኩ፤ በሩን ባረኩ፤ ከዚያ ወደ እኔ በኩል መጡ። ሌላው ሁሉ በሞተሩ በኩል ደስታውን ከቦ ያዳምጣል። የአባቴ እጅ የተሰካውን ጠርሙስ ነካ፤ ምን እንደሆነ አላወቁም፤ የማንቆርቆሪያው አፍ ከላዩ ቆመና ጸበሉ ወደ ውስጥ ወረደ። በጥቂቱ አልነበረም። ለልጃቸው ባል መኪና መሰሰት አልፈለጉም።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አባ፣ እዚያ አይደለም» ማለት ብቻ። አፌን ከፈትሁ። በዚያው ቅጽበት የደስታው ድምፅ ሲመጣ ሰማሁት፤ «አዛናው ይኸን ቢያይ ሱቁን ይዘጋል!» ይላል። አፌን መልሼ ዘጋሁት። በልቤም እንዲህ አልሁ፦ መኪናዪቱ ትታነቅ። እዚሁ በሰዉ ፊት ታንቃ ትቅርና ማን እንደሆነ ይወቅ። ከዚያ በኋላ ማታውኑ በሚኒባስ እንሄዳለን። ጠርሙሱን ነቀልሁና ክዳኑን ገጠምሁ።

ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ያውም ሳያስል። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ደስታው እንደ ሙሽራ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። እኔ ደግሞ ታንቃ አለመቅረቷ አበሳጨኝ።

ራት ላይ ልነግረው እችል ነበር። እሱ ግን የፊልትሮውን ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እንዲያውም በአሁኑ ወሬው መፍቻው መጀመሪያውኑ ወደ ግራ ዞሮ ነበር። ተውሁት። ጸበል ነው፤ ምናልባት አይጎዳ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልሁና ተኛሁ።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። አባቴ አዲስ ጥምጥም ጠምጥመው ከመካከላችን ተቀመጡ። ሜዳውን በሰላም አለፍነው፤ ዓለም በር ከተማንም አለፍን። ዳገቱን ስንጀምር መኪናዪቱ አንዴ ተንቀጠቀጠች፤ ሁለት ጊዜ አሳለችና ቆመች።

ደስታው ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። እኔም ወረድሁ። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ብሎን ላላ አድርጎ የወረደውን በጠርሙስ ተቀበለ። ከላይ ቢጫ ናፍጣ፣ ከታች ጥርት ያለ ውኃ። ደጋግሞ አፈሰሰ፤ ያው ውኃ ነው። ቀና ብሎ ወደ ታንኩ አፍ አየ። ከዚያ በመስታወቱ በኩል አባቴን አየ። በመጨረሻ እኔን አየኝ።

«በዚያ በኩል ቆመሽ አልነበር?» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አይተሽ ነበር?»

መንገዱን አየሁ።

«ምነው ደስታው? ምን አገኛት?» አሉ አባቴ ከውስጥ።

አሁን ይናገራል አልሁ። ቢናገርም እውነቱን ነው። ደስታው ጠርሙሱን መንገድ ዳር ደፋው።

«ናፍጣው ነው አባ» አለ። «ውኃ የተቀላቀለበት ናፍጣ ገዝቼ ኖሯል። ሳላጠልለው ቀዳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አባቴ ቁጣ አያውቁም፤ ያን ቀን ግን አወቁ። «ስጠው ለሚያውቅ ሰው አልተባልህም? ልጄ ገላነሽ በሚኒባስ እንሂድ አላለችህም? ለአንተ ፉከራ ብለህ ዓይኔን!» አሉት። ደስታው ጥፋተኛ እንደሆነ ልጅ አንገቱን ደፍቶ «ይቅር ይበሉኝ አባ» አለ። ያ ለሁሉ መልስ ያለው ሰው።

ያለፈ መኪና ሁሉ ሞልቶ ነበር። ረፋዱ ላይ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቆመልንና አባቴን ጋቢና ውስጥ አስገብተን እኛ ከሽንኩርቱ ላይ ወጣን። ደብረ ታቦር ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። መዝገብ የያዘችው ልጅ ስማቸውን ሦስት ጊዜ እንደጠራችና በቦታቸው ሌላ ሰው እንደገባ በትሕትና ነገረችን። ደስታው ለመናት። እጁን አጣጥፎ፣ ቃል እያጠረው፣ ደጋግሞ ለመናት። ሐኪሞቹ የያዙት መድኃኒት አልቋል አለችው።

«ለከርሞ እግዜር ካቆየን» አሉ አባቴ። ከከርሞ በፊት ያለውን ትንሣኤ ማንም አላነሣም።

ከሕንጻው ስንወጣ ክንዴን ያዙኝና ቆሙ። ደስታው ፊት ፊታችን ስለነበር እንዲሰማ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልጄ፣ ስትንቂው ስሰማሽ እገሥጽሽ ነበር። ባልሽን አክብሪ እልሽ ነበር። ለካስ አንቺ ታውቂው ኖሯል። እኔ ነኝ ያልገባኝ። ሰው መስሎኝ ሰጠሁሽ።»

ይህን ቃል ከአባቴ አፍ ለመስማት አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ። እኔ ነኝ አባ፣ አይቼ ነው ዝም ያልሁ፣ እሱ ጥፋቱን የወሰደው እርስዎን እንዳያሳዝን ብሎ ነው፣ ለማለት አሰብሁ። አሰብሁ እንጂ አላልሁም። ራሴን የናቅሁትን ያህል ደስታውን አንድም ቀን ንቄው አላውቅም።

ደስታው ተመልሶ መጣ። «አባ፣ ደረጃ አለ፤ እጅዎን ይስጡኝ» አለ።

«ተወኝ አንተ» አሉና እጃቸውን ነጠቁት። «ልጄ ትምራኝ።»

ደስታው መንገዱን ለቀቀልን። የአባቴን እጅ ያዝሁና ደረጃውን አወረድኋቸው።