ቃል ያልነበራት ዘፈን

የሚሬላ አዲሱ የፖፕ ሮክ አልበም ከአንዲት ዘፈን በቀር አልቋል። ጊታሩ ተቀድቷል፣ ከበሮው ተቀድቷል፣ የሽፋኑ ፎቶ እንኳ ተነስቷል፤ ያቺ ዘፈን ግን ቃል የላትም። አሳታሚው «እስከ ማታ ግጥም ካልገባላት ትቀራለች» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ሚሬላ ደግሞ አልበሙን የጀመረችው ለዚያች ዘፈን ብላ ነው። መከራ እኮ ነው!

እነሱ አገር፣ ጣልያን፣ ዘፈን የሚደርስ ሰው መጀመሪያ ዜማውን ነው የሚይዘው። ቃሉ እስኪመጣለት ድረስ እንግሊዝኛ የሚመስል፣ ግን ምንም ያልሆነ ነገር እያንበለበለ ይዘፍናል፤ እንግሊዝ ቢሰማው በሳቅ ይሞታል። በኋላ የጣልያንኛ ግጥም ይተካበታል። ሚሬላም ሌሎቹን ሁሉ ተክታለች። ይህችን ግን ብዕር ባነሳች ቁጥር ሆድ ይብሳትና ትተዋለች። ስለ እናቷ ናታ።

«ዛሬም በእንግሊዟ ንግሥት ቋንቋ ነን?» አላት ድምፅ ቀጂው ኢቫኖ።

«ዝም በል አንተ!»

«እኔማ ዝም ብያለሁ። አኮርዲዮን የሚጫወትልሽ ሰው ግን ጠርቻለሁ። እንዳትገድይኝ።»

በሩ ተከፈተና አባቷ ኦሬስቴ አኮርዲዮኑን ታቅፎ ገባ። ሮማኛ በሚባለው አውራጃ የዳንስ አዳራሾች ዕድሜውን ሙሉ ባልና ሚስቱን ቫልስ ሲያስጨፍር የኖረ ሰው ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም። እናትየው ስታጣጥር ሚሬላ ሪሚኒ ከተማ አደባባይ ላይ እየዘፈነች ነበር፤ አባቷ አልደወለላትም። ይህን ይቅር ማለት አቅቷታል፣ ማንስ ይፈርድባታል?

«ደህና ነሽ?»

«ደህና።»

በቃ፣ ይህችው ናት።

ኢቫኖ ሚሬላ በዚያ የውሸት እንግሊዝኛ የዘፈነቻትን ዘፈን ከፈታት። «ማኤስትሮ፣ ከበሮው ካስቸገረዎት ልቀንሰው?»

«ተወው፣ ጆሮዬ ድሮም ሄዷል» አለ ሽማግሌው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ማዳመጥ ጀመረ። ዘፈኗ ስታልቅ ፊቱ በእንባ ርሶ ነበር። ኦሬስቴ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አያውቅም፤ የምር ግጥም መስሎታል።

«እዚያ ጋ… ድምፅሽ ዝቅ የሚልበት… ምንድነው የምትዪው?»

ኢቫኖ ሳቁን ለማፈን አጎነበሰ። ሚሬላ «ምንም አይደለም፣ ዝም ብሎ ድምፅ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ግን እንዴት ብላ? ይህን የሚያለቅስ ሽማግሌ በምን አንጀቷ ታሳፍረው?

«እዚያ ጋማ» አለች፣ «እናቴ ስትሞት ለማያውቁኝ ሰዎች እየዘፈንኩ ነበር ነው የምለው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር ነው የምለው።» ከዚህ በኋላ ራሷን መያዝ አልቻለችም። «አባዬ፣ ለምን አልጠራኸኝም፣ ምን በድዬህ ነው፣ ነው የምለው!»

ኢቫኖ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ወዴት እንደሚያይ ጠፋው።

«ስልኩንማ አንስቼው ነበር» አለ ኦሬስቴ። «እጄን ያዘችኝ።»

«ማን?»

«እናትሽ ናታ! ‹ተዋት፣ ዘፍና ትጨርስ› አለችኝ። ‹አንቺ ሴት፣ በኋላ ያንገበግባታል› ብላት፣ ‹የከለከልኩህ እኔ መሆኔን እንዳትነግራት። ካወቀች ተጸጽታ ሁለተኛ መድረክ ላይ አትወጣም። ባንተ ትናደድ፣ አንተ ትችለዋለህ› አለችኝ።» አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ። «እመቤቴን፣ አልቻልኩትም እኮ ልጄ!»

ሚሬላ ተወርውራ አቀፈችው። አኮርዲዮኑ በመካከላቸው ተጨፍልቆ አቃሰተ፤ ማንም ከቁብ አልቆጠረውም። ሁለቱም እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ፣ ይውጣላቸው!

ከዚያ ፊቷን በእጅጌዋ ጠራርጋ ወደ መቅጃው ክፍል ገባች። ኢቫኖ ማንም ሳያዘው ቁልፉን ተጫነ። ኦሬስቴ ከመስታወቱ ወዲህ አኮርዲዮኑን ሳብ አደረገ። ሚሬላም በጣልያንኛ፣ በእናቷ ቃል ጀመረች፦ ተዋት፣ ዘፍና ትጨርስ።