ያልደረሰው ደም

በያጁ ከአምስት ዓመት በፊት ለታላቅ እህቱ ደም ሰጥቷል። መንታ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ከዚያ ወዲህ ምሳ ባማረው ቁጥር እቤቷ ከች ይልና፣ «እታለም፣ በማን ደም እንደቆምሽ እንዳትረሺ!» ይላታል። እሷም እየሳቀች ትልቁን ሳህን ታወርድለታለች።

አንድ ቀን ጠዋት የብረት በር ሲበይድ አንዲት ሴት ከጎኑ ቆመች። ዋጋ የምትጠይቅ መስሎት ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«ነርስ ነኝ፤ ከደም ባንክ ነው የመጣሁት። ስልክህን ቀይረህ ስንት ቀን ፈለግኩህ» አለችው። ባልደረቦቹን አየት አድርጋ ድምጿን ቀነሰች። «ደም ስትሰጥ የጉበት ቫይረስ ተገኝቶብህ ነበር። ያኔውኑ ሊነገርህ ሲገባ ውጤትህ መዝገብ ላይ ቀረ። እንዳንተ የቀሩትን አሁን አንድ በአንድ እየፈለግን ነው።»

«እኔ? ይሄን ሁሉ ብረት የምሸከመው?»

«ምንም ሳያሳምም ዓመታት ይቀመጣል እኮ። ክትትል ከጀመርክ ጉበትህ ሳይጎዳ መኖር ትችላለህ። በምግብ አይተላለፍም፤ ከእናት ወደ ልጅ ግን ስለሚተላለፍ እህት ወንድሞችህ ይመርመሩ።»

«ለእህቴ የሰጠሁትስ?»

«እሱማ ያኔውኑ ተወገደ። የሌላ ሰው ደም ነው የተሰጣት።»

እስከ ምሳ ሰዓት አንድም የብየዳ መስመር ቀጥ አላለለትም። ተመርመሪ ብቻ ብሏት ደሙን ባያነሳስ? እንዲህ እያሰበ እህቱ ቤት ደረሰ።

«እታለም፣ የጉበት ቫይረስ አለብህ ተባልኩ። አንቺም ነገ ተመርመሪ።»

ጭልፋው እጇ ላይ ቀረ። በር ላይ የሚጫወቱትን መንታዎች አየቻቸው። «ያንተን ደም ተሰጥቼ እኮ ነው ያጠባኋቸው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «የኔ አይደለም» አላት። «የኔን ደፍተውታል፤ ጠብታም አልደረሰሽም። ምርመራው ምናልባት ከእማዬ ወርሰን እንደሆነ ብለው ነው።»

እህቱ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሳቀች። «ታዲያ ያን ሁሉ ምሳ የበላኸው በሰው ደም ነዋ!»

ትልቁን ሳህን አወረደችው። በያጁ እጁን ሰበሰበ፤ ነርሷ ያለችው ትዝ ሲለው፣ «በምግብ አይተላለፍም ብላለች ነርሷ» አለ ቶሎ ብሎ።

«ማን ጠየቀህ? ብላ። ነገ ልጆቹንም ይዘን ነው የምንሄደው፤ አንደኛውን አንተ ታዝላለህ።»