የሚዘገየው መስመር

በወንዞች መለኪያ መሥሪያ ቤት ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመት ያልሞላትን መሐንዲስ ባልደረቦቿ «እመት ለምን» ይሏት ነበር። ጥያቄዋ አያልቅም። ከባሕር ማዶ የመጣችው አሰልጣኝ ግን ወደደቻት። አሰልጣኟ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቋንቋውን እየሰባበረችም ቢሆን መናገር የማትፈራ ሴት ናት። በአሥራ ሁለት የወንዝ ጣቢያዎች ላይ የተተከሉትን አዳዲስ የውሃ ከፍታ መለኪያ ማሽኖች ሠራተኞቹ ራሳቸው እንዲያንቀሳቅሱ ልታስተምር ለአምስት ሳምንት ተልካለች።

በአራተኛው ሳምንት ኃላፊው ደብዳቤ ይዞ ወደ ስልጠናው ክፍል ገባ። የአራተኛው ጣቢያ ተመልካች ይሰናበቱ ይላል። እኚህ ሽማግሌ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ወንዝ ወርደው፣ ቁጥር ከተጻፈበት ሰሌዳ ላይ የውሃውን ከፍታ እያነበቡ በስልክ ያስመዘግባሉ። በሌሎቹ ጣቢያዎች ተመልካች ከቀረ ቆይቷል። ሽማግሌው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «አባ ልክ» ይባላሉ።

«የእሳቸውና የማሽኑ ቁጥር አይገናኝም» አለ ኃላፊው። «ክረምት ከገባ ወዲህማ ጭራሽ ሰማይና ምድር ሆኗል። ሰውዬው ቤታቸው ቁጭ ብለው እየገመቱ ሳይሆን አይቀርም።»

ማንም አልተቃወመም። መሐንዲሷ ግን ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ አሳተመች፤ የማሽኑን በሰማያዊ መስመር፣ የሽማግሌውን በቀይ ነጥብ። የምሳ ሰዓት አልፎ እሷ ገና ወረቀቱ ላይ እንደተደፋች ናት። የሚገምት ሰው አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይስታል። እሳቸው ግን ወንዙ ሲሞላ ሁልጊዜ ከማሽኑ በላይ፣ ሲጎድል ሁልጊዜ ከማሽኑ በታች ናቸው። ቀዩ ነጥብ ጠዋት ያለበት ቦታ ሰማያዊው መስመር የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው።

«እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ» አለቻት አሰልጣኟን። «ማሽኑ የሚነግረን የአሁኑን አይደለም፤ የቅድሙን ነው።»

አሰልጣኟ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። «ምን ያዘገየዋል?»

«እኔንም የከነከነኝ እሱ ነው።»

ነገሩ የዋዛ አልነበረም። ከዚያ ጣቢያ በታች ባለው ረባዳ ሜዳ ለሚኖሩ ሰዎች ጎርፍ ሲመጣ የሚነገራቸው በማሽኑ ቁጥር ነው። ማሽኑ ግማሽ ቀን ከዘገየ፣ «ውሃ ሊመጣ ነው» የሚባሉት ውሃው ቤታቸው ከገባ በኋላ ይሆናል።

ኃላፊው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» ብሎ ቢያጉረመርምም መኪና አልከለከላቸውም። ሁለቱ ሴቶች በማግስቱ ረፋድ ላይ ጣቢያው ደረሱ።

አባ ልክ ቦት ጫማቸው እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ቀጭን ሰው ናቸው። ከደብዳቤው ቀድሞ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ ሰላምታው እንዳለቀ «ልታሰናብቱኝ ነው የመጣችሁት?» አሉ።

«አይደለም ጋሼ፣ ልንጠይቅዎት ነው» አለች መሐንዲሷ። «ማሽኑ ለምን የሚዘገይ ይመስልዎታል?»

«ልጄ፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉና ወደ ወንዙ መሯቸው። ማሽኑ የተንጠለጠለው ዳር ላይ በቆመ ወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ ነው። የወንዙ ውሃ ወደ ቱቦው የሚገባው ከግርጌው ባለች ጠባብ መግቢያ ነው። «ክረምት ሲሆን ይህ ወንዝ ጭቃ ነው። መግቢያዋ የታፈነች ይመስለኛል። ግን ይኸው» ብለው ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በጣታቸው መቱት። «አትንኩ» ይላል። «የተከሉት ሰዎች ናቸው የለጠፉት። እኔ ደግሞ አትንካ የተባልኩትን አልነካም።»

«መታፈኗን ታዲያ በምን እናውቃለን?»

«በባልዲ።»

መሐንዲሷ አሰልጣኟን አየቻት። አሰልጣኟ ለአፍታ አመነታች፤ ክዳኑ ከተከፈተ የአምራቹ ዋስትና እንደሚቋረጥ መመሪያው ላይ አንብባለች። ከዚያ «ክፈቺው» አለች። «የሚጠይቅ ከመጣ እኔ እመልሳለሁ።»

አንድ ባልዲ ውሃ ቱቦው ውስጥ ደፉ። መግቢያዋ ክፍት ብትሆን ውሃው ወዲያው ወርዶ ከወንዙ ጋር ይስተካከል ነበር። ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። ውሃው ንቅንቅ አላለም። ሃያ ደቂቃ ጠብቀው የወረደው አንድ ጣት ያህል ብቻ ነው።

ረጅም ብረት ጫፍ ላይ ብሩሽ አስረው መግቢያዋን ፈተጉ። ጥቁር ጭቃ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ አንድ ነጠላ ጫማ ወጣ። ሁለተኛው ባልዲ ሲደፋ ውሃው ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልቆየም። አባ ልክ እንደ ልጅ ሳቁ። «እስቲ ድገሙት!»

አሰልጣኟ ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ይህን ስልጠና በሦስት አገር ሰጥቻለሁ» አለች። «ስክሪኑን እንዲያነቡ አስተማርኩ። ቱቦውን ማን ያጸዳል ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ ከሄድኩ በኋላ ማሽኖቹ ለምን እንደሚበላሹ ግን ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር።»

የቀረው ስልጠና ከአዳራሽ ወጥቶ ወንዝ ዳር ሆነ፤ አስተማሪው አባ ልክ። የመጀመሪያውን ቀን አፍረው፣ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ነበር የሚያስረዱት። በሦስተኛው ቀን «አንተ፣ ብረቱን እንደ ማንኪያ አትያዘው!» እያሉ ይቆጡ ጀመር። ሰልጣኞቹ በቀሩት አሥራ አንድ ጣቢያዎችም ባልዲ ደፉ፤ ሰባቱ ታፍነው ተገኙ። መሐንዲሷ የአጸዳዱን ነገር በአንድ ገጽ ጻፈች፣ ኃላፊው ፈረመበት፣ የየወሩ ተረኛ ስም ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ኃላፊው የስንብቱን ደብዳቤ ቀደደው። ይቅርታ ግን አልጠየቀም፤ «ለሰውዬው ወንበር ውሰዱላቸው፣ ቆመው አያስተምሩ» ብቻ አለ።

አሰልጣኟ ወደ አገሯ ተመለሰች። ከሰልጣኞቹ ሁለቱ የተሻለ ሥራ አግኝተው ሲለቁ መሐንዲሷን ከፍቷት ነበር። የተተኩት ግን ከአባ ልክ ዘንድ ወርደው ተማሩ። በቀጣዩ ክረምት ወንዙ ሲሞላ የሜዳው ሰዎች ልጆቻቸውንና ከብቶቻቸውን ይዘው፣ ውሃው ከመድረሱ በስድስት ሰዓት ቀድመው ወጡ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። የዘጠነኛው ጣቢያ ቱቦ ንጹሕ ነው፤ የሚደፋበት ባልዲ ውሃም ወዲያው ይወርዳል። ሆኖም ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ውሃው አንድ ክንድ ያህል ይጎድልና ቅዳሜ ጠዋት ወደነበረበት ይመለሳል። መሐንዲሷ አባ ልክ ጋ ደውላ ምን ሊሆን እንደሚችል ጠየቀቻቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ። «መኪና ጠይቂና ዓርብ ሄደን እንየው።»