እጄን አይተው

እና ጭብጨባው ገና አላባራም፣ እኔም አጨበጭባለሁ፣ ሰው ሲያጨበጭብ ዝም ብሎ መቀመጥ ደግ አይደለም፣ ሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ይላል፣ የምን ድምፅ፣ ከኔ አፍ አንዲት ቃል አልወጣች፣ እጅ ብቻ ነው ያወጣሁት፣ የወንድሜ ልጅ መድረኩ ላይ እጇን ስታወጣ አወጣሁ፣ ከኋላዬ የወንዝ ዳር አትክልተኛ ሁሉ የኔን አይቶ አወጣ፣ እንደ ሁልጊዜው። አሁን ባለ መነጽሩ መሐንዲስ ግድግዳው ላይ ሥዕል ያበራል። ጸድቆ ካለቀ በኋላ።

ወንዙ ነው። የኛው ወንዝ። እጥፋቱን አውቀዋለሁ፣ ካሮት የማጥብበትን ጠፍጣፋ ድንጋይም አውቀዋለሁ፣ ድንጋዩ ላይ ግን አንዲት ሴት ተቀምጣ መጽሐፍ ታነባለች፣ ከጎኗ ውሻ፣ ከዚያ ወዲያ ሣር፣ ሣር፣ አግዳሚ ወንበር፣ ደግሞ ሣር፣ ጎመኔ የታለ፣ መደቡ የታለ፣ የጎረቤቴ ቀይ ሥር የታለ። መሐንዲሱ ከማንኛውም የእርሻ ንክኪ ነፃ የሆነ አረንጓዴ ዳርቻ ይላል። ጎመን ምን ዓይነት ቀለም ነው ያለው እንግዲህ።

ውሳኔው ቅድም ተነቦ ነበር። ማን አዳመጠ። ረጅም ነው፣ ባለድርሻ አካላት፣ ዘላቂነት፣ ምናምን፣ እኛ ያዳመጥነው ፋብሪካ የሚለውን ብቻ ነው፣ ለቀረው እሷ አለች፣ የኛ ልጅ አለች ብለን።

ሬዲዮ ነው እጄን ያስመረጠው። ሬዲዮ የምንለው ከኔ በላይ ያለውን ሽንኩርት የሚያለማውን ጎረቤቴን ነው፣ እንቅልፍም አፉን አይዘጋውም፣ እሱ ነው ያኔ፣ እኛ የሰብሳቢዎቹን ቋንቋ አናውቅም፣ ጋሼን እንይ፣ ጋሼ ካወጣ እናወጣለን፣ ዝምተኛ አይዋሽም፣ ለመዋሸትም እኮ ማውራት ያስፈልጋል ያለው። ተሳቀ። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ዓይናቸው ክንዴ ላይ ነው። የኔ ዓይን ደግሞ እሷ ላይ። ይኼን ለማንም አልነገርኩም፣ ማንም አልጠየቀኝም፣ እሷ ግን ታውቃለች።

ወንድሜ ሲሞት ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ውኃ ሳጠጣ ከመደቡ ዳር ጆንያ ላይ ትተኛለች፣ ጭቃ ትበላለች፣ አባባ ትለኛለች። የቆዳ ፋብሪካው ጥቁር ውኃ የለቀቀ ጊዜ፣ ችግኙ ሁሉ እሳት የላሰው ሲመስል፣ ተምራ መጥታ ነበር፣ የወንዙን ማኅበር ያቋቋመችው እሷ ናት፣ ያንን ጥቁር ውኃ በጀሪካን ይዛ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ ዱብ ስታደርገው ከኋላዋ ቆሜያለሁ። አባባ አንተ ቁምልኝ ብቻ፣ ወሬውን ለኔ ተወው። ቆምኩላት። ፋብሪካው ቧንቧውን ዘጋ፣ አሣ ተመልሶ ታየ፣ እኔ ደስታዬን እንኳ አላወራሁም፣ ጎመን ተከልኩ። ከዚያ ለምክር ቤት ልወዳደር ነው አለች። አትክልተኞቹ መጡና፣ ጋሼ፣ ይቺ ልጅ እዚያ ስትገባ አትለወጥብንም ወይ አሉኝ። የኔ ልጅ ናት አልኳቸው። ይኸው ነው ያልኩት። በቃቸው፣ መረጧት።

ትናንት መጥታ ነበር። አሁን ነው የገባኝ። ጫማዋን አውልቃ መደቡ ውስጥ ገባች፣ አረም ነቀለችልኝ፣ ችግኙ ይዟል ወይ አለችኝ፣ ይዟል፣ በሚመጣው ሳምንት ወደ ታችኛው መደብ አዛውረዋለሁ አልኳት፣ ታችኛውን መደብ አሻግራ አየች። ከዚያ፣ ነገ ፊት ወንበር ተቀመጥ አባባ፣ ሁሉም እንዲያዩህ። እኔ ደግሞ ክብር መስሎኝ። ኮቴን አሳጠብኩ። የእባብ ጉድጓድ በሞኝ ክንድ ይለካል ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ክንዱ የኔ ይሆናል ብዬ ግን፣

ከመድረኩ ወረደች። እየመጣች ነው። እጄን ትይዛለች፣ መዳፏ ቀዝቃዛ ነው፣ አባባ፣ አትቀየመኝ፣ ለወንዙ ነው፣ የምትረጩት መድኃኒት ዞሮ ውኃው ውስጥ ነው የሚገባው፣ ፋብሪካውን ከስሰን እናንተን ዝም ብንል ሰው ምን ይለናል። እውነት ሊሆን ይችላል። አልክድም። ምትክ ቦታስ እላታለሁ። ይታሰብበታል። እስከዚያስ። እጄን አጥብቃ ትይዛለች። ትናንት ታውቂ ነበር። አውቅ ነበር አባባ። ታዲያ አረም የምትነቅዪልኝ ምን አድርጊ ብዬሽ ነው። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እንባዋን ከልጅነቷ አውቀዋለሁ፣ የውሸት አይደለም፣ እሱ ነው የከፋው፣ ብነግርህ እጅህን ታወጣ ነበር ወይ፣ ትለኛለች።

አላወጣም ነበር።

ለዚህ ነው ያልነገረችኝ። ብትጠይቀኝ፣ ልጄ፣ የኔን መደብ ውሰጂ እል ነበር እኮ፣ የኔን ብቻ ቢሆን፣ ሽማግሌ ነኝ፣ ስንት ዝናብ ቀርቶኝ። የሌሎቹን ግን እኔ ምን ቆርጦኝ። የማልሰጠውን ከኪሴ ወስዳ በኔው እጅ ሰጠችው።

ኮቴን ከኋላ ይጎትቱኛል። ባለ ቀይ ሥሯ ናት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን በዚያች መደብ ነው የምታሳድገው፣ ፊቷ በርቷል፣ ሥዕሉን እያየች፣ ጋሼ እንዴት ያምራል፣ ከማዶ ነው አይደል፣ ፋብሪካው ጋ፣ ምኑን ነው ያጸደቅነው። ሬዲዮም አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። የወንድሜ ልጅ ጆሮዬ ሥር፣ አባባ፣ እዚህ አይደለም፣ እቤት እናወራለን፣ እኔ ቀስ ብዬ አስረዳቸዋለሁ፣ ወሬውን ለኔ ተወው። ለሷ ብተወው ታሳምራለች። ወንዙ ዳር እስኪደርሱ ድረስ እየሳቁ ይሄዳሉ። እጄን ከእጇ አወጣለሁ።

ከመሬታችን ተነሡ ነው ያሉን፣ እላታለሁ ባለ ቀይ ሥሯን፣ እሺ ያልነውም እኛው ነን፣ እኔን አይታችሁ።

ትስቃለች። ጋሼ ደግሞ በስተርጅና ቀልድ ጀመረ፣ ትላለች ለሬዲዮ፣ ሬዲዮ አይስቅም፣ አይናገርም፣ እሷ ፊቴን ታያለች፣ አፏ ገና ሳቁ ላይ ነው፣ ዓይኗ ግን ቀድሞ ደርሷል፣ ምን አልክ ጋሼ፣ እስቲ ድገመው፣ ትላለች፣ ከኋላ ያሉትም ጭብጨባቸውን ትተው፣ ምን አለ፣ ጋሼ ምን አለ ይላሉ፣ እሺ፣ ልድገመው፣ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ልጄም ከጎኔ ቆማ እየሰማች፣