ዝናብ የማያስገባ ክዳን

ሕሊና በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ታስተምራለች። የጥንቷን ደብረ ታቦር በኮምፒውተር ግራፊክስ መልሳ ለመሥራት ሁለት ዓመት ደክማለች። ተመልካቹ ቁልፍ እየነካ በገበያው መሃል ያልፋል፤ በር ከፍቶም ቤት ይገባል። ያየው ሁሉ አድንቆላታል።

አንድ ቅዳሜ ሥራዋን ለከተማው ሰዎች ስታሳይ፣ ከሐሙሲት የመጡ አቶ እሸቴ የሚባሉ ሽማግሌ ከፊት ተቀምጠው ነበር። አርባ ዓመት ሣር ቤት ሲከድኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ቆርቆሮው በዝቶ፣ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀምሮ፣ ሥራውን ከተዉ ሰነባብተዋል። ሌላው ሲያጨበጭብ እሳቸው ጣራ ጣራውን ያዩ ነበር።

«አባባ፣ አልወደዱትም?» አለቻቸው ስትጨርስ።

«ከተማው ያምራል፣ ልጄ። ቤቶቹ ግን ያፈሳሉ።»

ሕሊና ሣቀች፤ እሳቸው ግን አልሣቁም።

«ጣራው ቁልቁለት የለውም፤ ውሃ ይተኛበታል። ሣሩንም ከላይ ጀምረሽ ነው ያለበስሽው። ከታች ተጀምሮ፣ የላይኛው የታችኛውን ማሰሪያ እየሸፈነ ነው የሚወጣው።»

አፈረች። የሠራችው ከድሮ ሥዕሎች አይታ ነበር፤ በሥዕል ደግሞ ቅርጹ እንጂ አሠራሩ አይታይም።

«ያሳዩኛል?» አለቻቸው።

ሰባት ሳምንት ሙሉ በየቅዳሜው በሚኒባስ ሐሙሲት ወረደች። አቶ እሸቴ ጓሯቸው ውስጥ የዶሮ ቤት የምታህል ጎጆ አስቆሙላት። ሣሩን የምታስረው እሷ ነበረች፤ እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው «ጠበቅ አድርጊው... ፍቺውና እንደገና» ይላሉ። ጣቶቿ ተቆራረጡ። ሰኞ ሰኞ ቢሮዋ ገብታ የተማረችውን ጣራ በጣራ ታስተካክላለች።

በስምንተኛው ቅዳሜ ላፕቶፗን ይዛ ሄደች። በሠራቻት ከተማ ላይ ዝናብ ጨምራለች። አቶ እሸቴ በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ቁልፉን እየተጫኑ አንዱ ቤት ገቡና ወደ ላይ አዩ። ውጭ ይዘንባል፤ ውስጥ ጠብ የሚል የለም።

«ይሄ የእኔ እጅ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ እስከ መንገዱ ሸኟት።

«እጃቸው ከደከመ ወዲህ ስለ ሥራቸው አንድ ቃል ተንፍሰው አያውቁም ነበር። አሁን የከደኑትን ቤት ሁሉ እያነሱ ያጫውቱኛል። እግዜር ይስጥልን።»

«ማመስገን ያለብኝስ እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች ሕሊና። «ሁለት ዓመት ሰው ሁሉ አሞገሰኝ። ስህተቴን የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ሚኒባሱ እስኪሞላ ስትጠብቅ ላፕቶፗን ከፈተች። በመጀመሪያው ገጽ፣ ከራሷ ስም በላይ፣ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ጣራዎቹን የከደኑት አቶ እሸቴ ጌጡ ናቸው።»